ከአክሱም በኋላ የት ሄድን?

ዛሬ ስለ ጌም ልጽፍ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ተማሪዎቹን ከጌም ቤት በራፍ እየለቀመ ወደ ክፍል ሲመልስ የኖረው ሰውዬ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ጌም ሲጫወት ዋለ። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ቀጥሉ፤ የማምነው ጥፋት ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኮምፒውተር እየጠገነ ይተዳደራል፤ ጀሞ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ደወለና "ቲቸር፣ አክሱም ያለበት አዲስ ጌም ወጥቷል፤ መጥተው ይዩት" አለኝ። ከላፍቶ ጀሞ ሩቅ አይደለም፣ ሄድኩ። ልጁ ድሮም የሚወደው ዘንዶ የሚገደልበት፣ አስማተኛ የሚዋጋበት ጌም ስለሆነ "ይሄኛውም ዘንዶ አለው?" አልኩት። "የለውም ቲቸር፣ ይሄ የታሪክ ነው" አለ።

ሳቅኩ። የእኛ ታሪክ ራሱ እኮ በአፈ ታሪኩ የሚጀምረው በዘንዶ ነው። አርዌ የሚባል ዘንዶ ሲነግሥ፣ ሕዝቡ ሲገብርለት፣ በኋላ አንድ ጀግና ገድሎት ዙፋኑን ሲወስድ። አያቶቻችን ለጌም የሚሆን ታሪክ አላጡም ነበር።

ጌሙ ሲቪላይዜሽን 7 ይባላል፤ በ2025 (በፈረንጆቹ) በየካቲት ወር መጀመሪያ ነው የወጣው። አንተ የአንድ ሕዝብ መሪ ሆነህ ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ትነግዳለህ፣ ትዋጋለህ፣ ሕዝብህን ከጥንት እስከ ዘመናዊው ዘመን ይዘህ ትጓዛለህ። ከምርጫዎቹ መካከል ከሮም፣ ከፋርስና ከግብፅ እኩል "አክሱም" የሚለውን ሳይ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ማኒ የዓለም ታላላቅ ናቸው ካላቸው አራት መንግሥታት አንዷ አክሱም እንደነበረች ክፍል ውስጥ ስንቴ ተናግሬያለሁ! እዚህ ደግሞ በዓይኔ አየሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ጥሩ ነበሩ። ባላገሩ መሬት ላይ ሐውልት ታቆማለህ፤ ስሙንም "ሐውልት" ብለው ነው የተዉት። ትልቁን የአክሱም ሐውልት እንደ ድንቅ ሥራ ትገነባለህ። ነጋዴዎችህ "ታንኳ" ይባላሉ። እዚህ ላይ አስተማሪነቴ አላስችል አለኝ፦ "ታንኳ የጣና ነው፤ የአዱሊስ ነጋዴ በደንገል ታንኳ ህንድ አይሄድም!" ልጁ "ቲቸር፣ ይጫወቱ በቃ" አለኝ። መሪ ስመርጥ ደግሞ ኢዛና የለም፣ ካሌብም የለም። ጌሙ መሪውንና ሕዝቡን ለያይቶ ነው የሚያስመርጠው፤ ስለዚህ አክሱምን በናይጄሪያዋ የሐውሳ ንግሥት በአሚና መራኋት። ይሁን፣ አፍሪካዊት ናት ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ የጥንቱ ዘመን ሊያልቅ ሲል ጌሙ ቀውስ ያመጣል። ሁሉም ነገር መናጋት ይጀምራል። ቀውሱ አልፎ አዲስ ዘመን ሲገባ በአክሱምነት መቀጠል ያኔ አይቻልም ነበር፤ ሌላ ሕዝብ መምረጥ ነበረብህ። አክሱምን ለተጫወተ ሰው ከሚከፈቱት አንዱ ሶንጋይ ነው። ሶንጋይ ማለት ዋና ከተማዋ ጋኦ የነበረች፣ በኒጀር ወንዝ ዳር ያበበች፣ በ1591 በሞሮኮ ጦር የተመታች ታላቅ የምዕራብ አፍሪካ መንግሥት ናት። ክብር ይገባታል። ግን ከአክሱም ጋኦ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ዛጉዌ የለም፣ ላሊበላ የለም፣ ጎንደር የለም። ዘመናዊው ዘመን ላይም ኢትዮጵያ የለችም፤ ከሰሐራ በታች ያለው ወኪል ቡጋንዳ ነው።

በጣም ተናደድኩ። በ2012 (በፈረንጆቹ) በወጣው ጭማሪ፣ በአምስተኛው ጌም፣ ኢትዮጵያን የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ የሕዝቡ ልዩ ችሎታ "የአድዋ መንፈስ" ይባል ነበር፣ ከራሱ ከሚበልጥ ጠላት ጋር ሲዋጋ የሚበረታ። በስድስተኛው ደግሞ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ ገቡ፤ የኢትዮጵያ ችሎታ ስሙ "የአክሱም ቅርስ" ነበር። አሁን ቅርሱ ወራሽ አጣ ማለት ነው? ይሄን ሁሉ ቆሜ እየጮህኩ ነው የተናገርኩት።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ አይቀየሙኝ እንጂ እኔ ክፍል ውስጥ ከአክሱም በኋላ የት ሄድን ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ዮዲት አጠፋችው፣ ከዚያ ዛጉዌ መጣ፣ ብለው አለፉ።"

ሊያሳፍረኝ ፈልጎ አልነበረም። ግን አፈርኩ። ለዓመታት ያንን ሁሉ ዘመን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የዘለልኩት። ጌሙ በአንድ ቁልፍ ዘለለው፣ እኔ በጠመኔ። ስለዚህ ያኔ ልመልስልህ የሚገባኝን ዛሬ ልጻፍልህ።

አንደኛ፣ አክሱም በአንድ ቀን አልወደቀችም፤ ያንኮታኮታት የአንድ ሰው ሰይፍም አልነበረም። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር። ይሄ ገንዘብ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ቆመ። ገንዘብ ማተም ያቆመ መንግሥት ንግዱ እንደደከመ ገምቱ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የመንን ይዞ ነበር፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ የመን በፋርሶች እጅ ገባች። ቀጥሎ የእስልምና መንግሥት ተነሥቶ የቀይ ባሕር ንግድ አቅጣጫ ተለወጠ፤ አዱሊስ ወደብነቷ አበቃ። ለዘመናት የታረሰውና ደኑ የተመነጠረው የአክሱም ዙሪያ መሬትም ተዳክሞ እንደነበር ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ኃይሉ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደጋው ውስጥ ተሳበ። ይሄ ሁሉ የሆነው ዮዲት መጣች ከሚባልበት ጊዜ በፊት ነው።

ሁለተኛ፣ ዮዲት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዐረቡ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ለብዙ ዓመታት የገዛች ሴት እንዳለች ጽፏል። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥም የሐበሻው ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ የላከው ደብዳቤ ይገኛል፦ አንዲት ንግሥት ተነሥታ ከተማ አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናት አፈረሰች፣ እኔንም ከቦታ ቦታ አሳደደችኝ ይላል። ስለዚህ አንዲት ኃያል ሴት ነበረች፣ ይሄን ይዘን መሄድ እንችላለን። ግን እነዚህ ሁለቱ "ዮዲት" ወይም "ጉዲት" ብለው አይጠሯትም። በግፍ ተከስሳ መሰደዷ፣ የሻም መስፍን ማግባቷ፣ ለበቀል መመለሷ፣ እነዚህ ሁሉ ከብዙ ዘመን በኋላ በአፈ ታሪክ የተጨመሩ ናቸው።

የሚገርመው፣ ይሄንን አፈ ታሪክ ጌም ሠሪዎች ቀድመውኛል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የሚባለው ጌም በ2015 በወጣው የአፍሪካ ጭማሪው ውስጥ "ዮዲት" የሚል ዘመቻ አለው፤ ተጫዋቹ እሷን ሆኖ ተሰድዶ፣ ጦር ይዞ ይመለሳል። ልጁ እሱንም ከፍቶ አሳየኝ። እነሱ ግን ጌም እየሠራን ነው ብለው ነው የሠሩት። እኔ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ በሁለት ማርክ። ማስረጃ የሌለበትን ባዶ ቦታ መጀመሪያ በዘንዶ ሞላነው፣ ኋላ በዮዲት።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የት ሄድን ለሚለው። መንግሥቱ ሲቆም ሁሉም ነገር አልቆመም። ግእዝ የጽሕፈትና የቅዳሴ ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። ላስታ ውስጥ፣ በዋሻ ሥር ያለችውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ግድግዳዋ ላይ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ መሠራቱን ያስታውሳል፤ አሠራሩ የአክሱም ነው። ወደ 11ዱ የላሊበላ ቤተ መቅደሶች ስትገባ አንዳንዶቹ መስኮቶችና በሮች ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን መስለው ከአለት ተፈልፍለዋል። የዛጉዌ ሰዎች የአክሱምን እጅ ሥራ ተምረው በአለት ላይ ደገሙት ማለት ነው። በ1270 ዛጉዌን የተካው ሥርወ መንግሥትም ዋና ኑሮው ሸዋና አምሐራ ሆኖ ሳለ፣ ዘርዐ ያዕቆብ በ1436 ሥርዓተ ንግሡን ለመፈጸም አክሱም ድረስ ወጥቷል። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ገንዘብ ማተሙ ከቆመ።

ታዲያ ጌሙ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል? አልልም። አክሱም የሚባለው መንግሥት በእርግጥ አብቅቷል። "ሦስት ሺህ ዘመን ሳይቋረጥ" እያልን የምንፎክረውም ዙፋኑን ብቻ ስለምንቆጥር ነው፤ ዙፋኑ ግን ተቋርጧል፣ ተነጥቋል፣ ቦታ ቀይሯል። ሳይቋረጥ የመጣው በግንበኛው፣ በደብተራውና በገበሬው እጅ ያለፈው ነው። ጌሙ ይሄንን ለማሳየት ቦታ አልነበረውም። እኔ ቦታ ነበረኝ፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ጥቁር ሰሌዳና ሙሉ ክፍል ተማሪ፤ አልተጠቀምኩበትም።

ማታ ላይ ልጁ "ሶንጋይ ልግባ?" አለኝ። "ግባ" አልኩት። አዲሱ ዘመን ተከፈተ፤ የሕዝቡ ስም ተቀይሯል፣ ባንዲራው ተቀይሯል። ግን ካርታው ላይ ያቆምኳቸው ሐውልቶች እዚያው ቆመዋል፤ ጌሙ አላፈረሳቸውም። ሁለታችንም አየናቸው። "እነዚህስ ቲቸር?" አለ። "ጥያቄህን መልስልኝ ብለው ነው የቀሩት" አልኩት።

ሰኞ 9ኛ ክፍል ገብቼ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በትኜ አስተምራለሁ። እናንተ ከእኔ ተምራችሁ ያለፋችሁ ደግሞ፣ ደብተራችሁ ላይ "ዮዲት አጠፋችው" የሚል ካለ እርማቱ ይኸው። ማርካችሁን አልመልስም እንጂ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልካም የአድዋ በዓል ለሁላችሁም።