ፍየል ከተራራ ወደ ጓሮ

ደጋፊዎቻችን ሊጎበኙን ሲመጡ «ፍየሎቹን ለምን መስክ አታሰማሯቸውም?» ይሉናል። ነገሩ ከማኅበራችን መመሥረት በፊት ይጀምራል።

በእኛ በወሎ ፍየል ተራራ ላይ ነበር የምትውለው። ልጆች ይዘዋት ይወጣሉ፣ ቅጠል ስትቀነጥብ ውላ ማታ ከቤት ጥግ ወይም በእሾህ አጥር ውስጥ ታድራለች። ለጉረኖ ገንዘብ የሚያወጣ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ግን የተራቆተው ተዳፋት በ«ምግብ ለሥራ» እርከን ይሠራበት፣ ችግኝ ይተከልበት፣ ከከብትም ይከለል ጀመር። ከ1977 ድርቅ በኋላም ሥራው ቀጠለ። ፍየል የችግኝ ጠላት ተባለች። ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በሬ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሀብቷ ያችው ፍየል ናት፤ ተራራው ሲዘጋ እሷን ማን ጠየቃት? በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆርጦ ከብት ተለቀቀበት። አጠፉ እንላለን፤ ንዴታቸው ግን ይገባናል።

በ1980ዎቹ በሐረርጌ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ለድሃ ሴቶች ፍየል በብድር ሰጠ፤ ብድሩ የሚመለሰው በግልገል ነው። ከአንግሎ ኑቢያን የተዳቀሉት ፍየሎች ብዙ መኖ ስለሚሹ በጓሮ መኖ መትከልም አብሮ መጣ።

እኛም የግልገሉን ብድር ይዘን ጀመርን፤ ቤቱን ግን ናቅነው። በመጀመሪያው ክረምት ወለሉ ረጥቦ ግልገሎቹን ሳል ጨረሳቸው። የተረፉትን ጅብ አጥር ጥሶ ወሰደብን። ያኔ አንዳንዶቻችን ብድሩን ፈርተን ልንተወው ነበር።

ከዚያ ወለሉን በርብራብ እንጨት ከመሬት ጉልበት ያህል አነሳነው፤ በጠጡ በክፍተቱ ይወርዳል፣ ሰኮና ግን አይገባበትም። ግድግዳውን ከታች በድንጋይ ደፈንን፣ ከላይ ለአየር ክፍት ተውን። ለአንዲት እናት ፍየል አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ለካን። በጠጡ አሁን የጎመን መደባችንን ያለማል።

የቀረው የሣሩ ነገር ነው። ከተከለለው ተራራ አጭዶ መውሰድ እንጂ ማሰማራት አይፈቀድም። የሚያጭደውም የሚሸከመውም ማን ሆነና! በሪፖርት «ተራራው አገገመ» ተብሎ ሲጻፍ ሸክሙ ተረስቶ ይቀራል። ዘንድሮ ሰስባኒያውን ከጉረኖው አጠገብ ባለው እርከን ላይ የተከልነው ለዚህ ነው።