ከንጉሥ ፈቃድ እስከ ንግድ መዝገብ፦ መንግሥትና የአክሲዮን ማኅበር

አክሲዮን ማኅበር ሕግ የፈጠረው ሰው ነው፤ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ባለቤቶቹ ቢሞቱም ይቀጥላል። ይህን ሰውነት የሚሰጠው መንግሥት በመሆኑ የንግድ ማኅበራት ሕግ ታሪክ የመንግሥትም ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ሰውነቱ የሚገኘው በገዢው ልዩ ፈቃድ ነበር። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ በ1890 ዓ.ም በአገሩ ገዢ በከዲቩ አዋጅ ተቋቋመ። ይኸው ባንክ በ1897 ዓ.ም ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ፣ በ500,000 ፓውንድ ካፒታልና በ50 ዓመት ብቸኛ መብት፣ የአቢሲንያ ባንክን መሠረተ። በ1923 ዓ.ም መንግሥት ገዝቶት የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ማርቀቁን ጀምሮ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸመው። በአዲሱ ሕግ ቢያንስ አምስት ሰዎች 50,000 ብር ካፒታል ይዘው ማኅበር ማቋቋም ቻሉ። ሰውነት የሚገኘው በንጉሥ ችሮታ መሆኑ ቀርቶ በምዝገባ ሆነ።

በሦስተኛው ምዕራፍ መንግሥት ራሱ ባለቤት ሆነ። ግብፅ በ1953 ዓ.ም ትልልቅ ኩባንያዎችን ወረሰች። በኢትዮጵያም ደርግ ባንኮችንና መድን ድርጅቶችን ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 26/1967 ሌሎች ድርጅቶችን ወረሰ። በ1968 ዓ.ም የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተደነገገ። የንግድ ሕጉ አልተሻረም፤ ነገር ግን የሚመዘግበው ማኅበር እያጣ ሄደ።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም በኋላ ለግል ማኅበራት በሩ ዳግም ተከፈተ። በገጠር ግን፣ ለምሳሌ በደቡብ ወሎ በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ደጋዎች ገበሬው ለበሬ መግዣም ሆነ ለበግ ማድለቢያ ብድር የሚፈልግበት አማራጭ ጠባብ ነበር፤ አራጣም ከባድ ሸክም ነበር። አዋጅ ቁጥር 40/1988 የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማት በአክሲዮን ማኅበርነት እንዲደራጁና በኢትዮጵያውያን ብቻ እንዲያዙ አዘዘ። በዚሁ መሠረት የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭሩ አብቁተ፣ ክልሉና የክልሉ ማኅበራት ባለአክሲዮን ሆነው ተመዘገበ። ቤት በመያዣነት ማቅረብ ለማይችል ገበሬም ጎረቤቶቹ በቡድን ዋስ ሆነውት ያበድረው ጀመር።

በዚህ ተቋም ዘንድ መንግሥት ሦስት መልክ ነበረው፦ ሕግ አውጪ፣ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በኩል ተቆጣጣሪ፣ በክልሉ በኩል ደግሞ ባለአክሲዮን። ብድሩ እስከ ገጠር ቀበሌ የደረሰው በዚህ ጥምረት ነው። ይሁንና ሦስቱ ሲደበላለቁ ተበዳሪው ገበሬ አበዳሪውንና አስተዳዳሪውን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ የሦስቱ ድንበር በግልጽ መከበር አለበት።

አብቁተ በቅርብ ዓመታት ጸደይ ባንክ ሆኗል። የ1952ቱንም ሕግ አብዛኛውን ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ቀድሞ የንጉሥ ፈቃድ ይጠይቅ የነበረው ሰውነት ዛሬ አንድ ነጋዴ መስፈርቱን አሟልቶ በንግድ መዝገብ የሚያገኘው ሆኗል።