የመነኩሲቷ ተረት እና የኦፔራው ጀልባ

ብዙዎቻችን ከቻይና ጋር የተዋወቅነው በፊልም ነው። በየቪዲዮ ቤቱ የምናየውን ፍልሚያ ሁሉ «ካራቴ» እያልን አደግን፤ ካራቴ የጃፓኖች መሆኑን የነገረን አልነበረም። ብሩስ ሊ በልጅነቱ የተማረው ዊንግ ቹን ይባላል። በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ግዛት የበቀለ ስልት ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ታሪክ ነው፤ ስለሚነገረንም፣ ስለማይነገረንም። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚነገረን ይህ ነው፦ የማንቹ ገዢዎች የሻኦሊንን ገዳም ሲያቃጥሉ ንግ ሙይ የምትባል መነኩሲት አመለጠች። የፈጠረችውን ስልት ዪም ዊንግ ቹን ለምትባል ልጃገረድ አስተማረች። ልጅቷም በግድ ሊያገባት የመጣውን ጉልበተኛ ዘረረችው። ደስ ይላል! ችግሩ መነኩሲቷ በእውን ስለመኖሯ ማስረጃ አለመገኘቱ ነው። ስሟን የምናገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወጣ ልብ ወለድ ውስጥ ነው።

ታዲያ ታሪኩን የት እንፈልገው? ፎሻን ከተማ። ፎሻን በብረት ማቅለጫዎቿና በሸክላ ሥራዋ የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። የካንቶን ኦፔራ ተዋንያን ማኅበርም መቀመጫው እዚያ ነበር። ተዋንያኑ ቀይ በተቀቡ ጀልባዎች እየዞሩ ያሳያሉ፤ ትርኢታቸው ፍልሚያ ስለሚበዛበትም ሥልጠናው የሙያቸው አካል ነበር። በ1854 ሊ ዌንማኦ የተባለ ተዋናይ ባልደረቦቹን አስከትሎ በቺንግ መንግሥት ላይ አመፀ። መንግሥትም የተዋንያኑን አዳራሽ አወደመ፣ ኦፔራውን ለዓመታት ከለከለ።

የዊንግ ቹን ሰዎች በቃል እንደሚያወርሱት፣ ስልቱ ከቀይ ጀልባዎቹ ተዋንያን ወደ ፎሻኑ የባህል ሐኪም ሊዩንግ ጃን ተሻገረ። ከእሱ ወደ ገንዘብ መንዛሪው ቻን ዋሹን፣ ከቻን ደግሞ ወደ ኢፕ ማን (1893–1972)።

ስልቱ ራሱ ዝላይ አይወድም። ተቀናቃኝን ተጠግቶ፣ የሰውነትን መካከለኛ መስመር እየጠበቁ፣ በአጭር ርቀት መምታት ነው። «ቺ ሳኦ» በተባለው ልምምድ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አነካክተው አንዱ የሌላውን ግፊት ማንበብ ይማራል።

በ2008 የወጣው «ኢፕ ማን» ፊልም ጀግናው ጃፓናዊውን ጄኔራል ካሸነፈ በኋላ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲሸሽ ያሳየናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኢፕ ማን ከጦርነቱ በኋላ በፎሻን የፖሊስ መኮንን ነበር። ከተማዋን የለቀቀው በ1949፣ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ነው። ፊልሙ ይህቺን ዘለላት።

ከባለጸጋ ቤት የተወለደው ሰው ሆንግ ኮንግ ሲደርስ እጁ ባዶ ነበር። በ1950 ለምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር አባላት እያስተማረ እንጀራውን ማብሰል ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ብሩስ ሊ የሚባል ጎረምሳ ከተማሪዎቹ ተቀላቀለ። የአንድ አካባቢ ስልት የነበረው ዊንግ ቹን ዓለምን የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልብ በሉ፤ ስልቱን እዚህ ያደረሱት አመፀኞች የወጡበት የተዋንያን ማኅበር፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ገንዘብ መንዛሪ፣ ስደተኛ ፖሊስና የምግብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። መነኩሲቷን አትውደዱ አንልም። የእነዚህን ሰዎች ድካም ግን ለእሷ አንስጥባቸው።