የቀድሞው የምድር ባቡር መንገድና እንደገና የመዘርጋቱ ተስፋ

ከቡታጅራ ተነሥቶ ወደ ዐዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ዓለም ገና ሲደርስ የአዲሱ ባቡር መነሻ ሰበታ በአጠገቡ ናት። ይህ ሐዲድ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ በመስከረም 2009 ዓ. ም. ተመረቀ። ነገር ግን ከእርሱ በፊት መቶ ዓመት ያህል ሀገርን ያገለገለ ሌላ ሐዲድ ነበረ፤ የእርሱም ብዙው ክፍል ዛሬ ጸጥ ብሏል። ይህ አሮጌ ሐዲድ ለታሪክ መታሰቢያና ለጎብኚ አገልግሎት በቀድሞ መሥመሩ ሊመለስ ይችላልን? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህንን መመርመር ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሊዎን ሸፍኔ ባቡሩን የማሠራት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ. ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ። አስቀድሞ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ዳሩ ግን የተራራው ዳገት ስለ ከበደ መሥመሩ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ከተማ ሆነች። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከሠረ፤ በእርሱም ፈንታ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተክቶ፣ በ1909 ዓ. ም. ባቡሩ ዐዲስ አበባ ደረሰ። ትልቁም የለገሐር ጣቢያ በኅዳር 1922 ዓ. ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበረ።

ይህ መንገድ ጨውና ጨርቅ፣ ቡናና ቆዳ ብቻ ያመላለሰ አይደለም። ሞጆና አዳማ፣ መተሐራና አዋሽ፣ ሚኤሶና ኤረር ከጣቢያቸው ጋር አብረው አድገዋል። ከጉራጌ ሀገር ወጥቶ በዐዲስ አበባ በጉልበቱና በንግዱ ኑሮውን ላቀና ብዙ ሰውም፣ የሚሸጠው ዕቃ ከባሕር ወደብ የሚመጣለት በዚሁ ሐዲድ ነበር። ስለዚህ ባቡሩ ቡታጅራን ባይረግጥም የቡታጅራ ልጆች ኑሮ ከእርሱ የራቀ አልነበረም።

በኋላ ግን ጥገናው እየጎደለ፣ የጭነት መኪናም እየበረታ ሄዶ፣ በ2000 ዓ. ም. ገደማ ከዐዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። በ2005 ዓ. ም. ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወሰን የሚሄደው ክፍል ተጠግኖ እንደገና መንቀሳቀስ መጀመሩ ግን አሮጌው ሐዲድ ፈጽሞ ያልሞተ መሆኑን አሳየ።

የቆመ ባቡር መነሣቱም በዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በብሪታንያ፣ በዌልስ ሀገር፣ ታሊሊን የሚባለውን ትንሽ ባቡር በ1943 ዓ. ም. ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ወዳጆቹ ተረክበው ከመዘጋት አዳኑት። በዚያው ሀገር የዌልስ ደጋ ባቡር የተባለው ሐዲዱ ተነቅሎ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1990 ዓ. ም. የመጀመሪያው ክፍል ተከፍቶ፣ በ2003 ዓ. ም. 40 ኪሎ ሜትር ያህሉ ተፈጸመ። በኤርትራም በጦርነት የፈረሰውን የምፅዋንና የአስመራን ሐዲድ በጡረታ የነበሩ የባቡር ሽማግሌዎች ተጠርተው መልሰው አቀኑት። ከነዚህ ሁሉ ሥራ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ሁሉም በትንሽ ክፍል ጀመሩ እንጂ ሙሉውን መንገድ በአንድ ጊዜ አልተመኙም።

ወደ እኛ ሀገር ስንመለስ መሰናክሉ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የአዲሱ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ አሮጌው ፉርጎ በእርሱ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ሥራ የሌለው ሐዲድ ብረቱ ይሰረቃል፣ መሬቱም በቤትና በመንገድ ይያዛል፤ ይልቁንም በዐዲስ አበባ በኩል ይህ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ መኪናውን ፈትተው መግጠም የሚያውቁ ሠራተኞች አርጅተዋል፤ ዕውቀታቸውም ሳይጻፍ ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበር ያሠጋል።

ከሦስቱ ይልቅ የሚያስቸኩለው መሬቱን መጠበቅ ነው። የተሰረቀ ብረት በገንዘብ ይተካል፤ ቤት የተሠራበትን መንገድ ግን ያለ ጠብና ያለ ዕንባ ማስለቀቅ አይቻልም። በዚህ ነገር የጉራጌ ሀገር የሚያስተምረው አለ። በመንደሩ መካከል የሚዘረጋው ሰፊ ጀፎረ የማንም የግል ርስት አይደለም፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም በአጥር አይቀንሰውም፤ ድንበሩን ሽማግሌዎች በባህል ሥርዓት ይጠብቁታል። የባቡሩም መሥመር ባቡር በማይሄድበት ዘመን እንኳ እንደ ጀፎረ ቢከበር፣ ለሚመጣው ትውልድ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

እንግዲህ ተስፋው ከድሬዳዋ ቢጀመር ይሻላል። የቀድሞው ጣቢያና የጥገናው ሥራ ቤት በዚያ ናቸው፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለ ተሠራም አሮጌው ሰፈር እንግዳ ይሻል። በቅድሚያ አጭር የጉብኝት ጉዞ ቢጸና፣ ቀጥሎ ወደ ኤረርና ወደ ምዕራብ እየተለካ ቢቀጠል፣ ገቢው ጥገናውን ሊረዳ ይችላል። እስከ ለገሐር ይደርሳል ብሎ ቃል መግባት ግን ሕዝብን ማታለል ይሆናል። ለዐዲስ አበባ የሚበቃው ጣቢያውን ከነታሪኩ መጠበቅ ነው። የብራና ጠጋኝ ቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር በጅማት ይሰፋል እንጂ፣ የጠፋውን ፊደል አለ አይልም።

ወጪው ከወዴት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ ከዓለም ገና በቡታጅራ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ይመልከት። በ1950ዎቹ ዓመታት ሕዝቡ ማኅበር አቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ለሥራው ተነሣ። መንግሥት የመሬቱን ሕግ ቢያጸና፣ ባለጸጋው ቢያዋጣ፣ የቀድሞው ሠራተኛም ለወጣቱ ቢያስተምር፣ ሥራው ከሰው አቅም በላይ አይደለም። እስከዚያው ድረስ አባቱ ወይም አያቱ በባቡሩ የሠራ ሰው ሁሉ ፎቶግራፉን፣ የጉዞ ቲኬቱንና የሰማውን ታሪክ በጽሑፍ ያኑር፤ ሐዲዱ ሲቀና የሚጠየቀው ይህ ነውና።