ብዙ ሕዝብ፣ ጥቂት ሜዳሊያ

የአንድ አገር ሕዝብ በበዛ መጠን ከመካከሉ የሚወጡት ታላላቅ ስፖርተኞችም የዚያኑ ያህል ይበዛሉ የሚለው ግምት ለአእምሮ የቀረበ ነው። የሕንድ የኦሎምፒክ ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በፓሪስ በተደረገው ውድድር ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሕንድ ያገኘችው 6 ሜዳሊያ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል አንድም ወርቅ አልነበረም። ሕዝቧ 3 ሚሊዮን የማይሞላው ጃማይካም እንዲሁ 6 ሜዳሊያ አግኝታለች፤ አንዱም ወርቅ ነው። በሕዝብ ብዛት ከሕንድ ጋር የምትቀራረበው ቻይና በበኩሏ 40 ወርቅ ወስዳለች።

ጉድለቱን በሕዝቡ ተፈጥሮ ላይ ማላከክ እንደማይቻል የሆኪ ታሪክ ይመሰክራል። የእንግሊዝ ጦር ወደ አገሩ ያስገባውን ይህን ጨዋታ ሕንዶች የራሳቸው አድርገው ከ1928 እስከ 1956 በተደረጉት ኦሎምፒኮች ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ወስደዋል። ጨዋታው ከዱላ፣ ከኳስና ከሣር ሜዳ ሌላ ብዙ የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። በ1976 በሞንትሪያል ብዙ ወጪ የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ ሜዳ በሣሩ ሲተካ፣ ሕንድ ሰባተኛ ወጣች። በ1980 በሞስኮ፣ ብዙ አገሮች ባልተካፈሉበት ውድድር፣ ስምንተኛውን ወርቅ ካገኘች በኋላ እስከ 2021 ድረስ በኦሎምፒክ ሆኪ ለሜዳሊያ አልበቃችም።

በግል ውድድር የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 በሄልሲንኪ በትግል የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ካሻባ ጃድሃቭ ወደ ውድድሩ የተጓዘው የመንደሩ ሰዎች ጭምር ባዋጡት ገንዘብ ነበር። ከእርሱ በኋላ ሌላ ሕንዳዊ በግል ሜዳሊያ ያገኘው 44 ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 ነው። በ2008 በቤጂንግ የመጀመሪያውን የግል ወርቅ ያስገኘው ተኳሽ አቢናቭ ቢንድራ ደግሞ በቤተሰቡ መኖሪያ የራሱ መለማመጃ ነበረው። አንዱ በመዋጮ ተጓዘ፤ ሌላው በቤተሰቡ ሀብት ተለማመደ። መዋጮም ሀብትም ያላገኘው እልፍ አእላፍ ወጣት ግን ችሎታው ሳይታወቅ ቀርቷል።

ለድሃው ልጅ በሩን ከከፈቱት ጥቂት ተቋማት አንዱ የጦር ሠራዊቱ ነው። የሆኪው ጀግና ድያን ቻንድ ወታደር ነበር። በ1947 አገሩ ሲከፈል ወላጆቹን ያጣው ሚልካ ሲንግም ሯጭነቱን ያወቀው በውትድርና ዓለም ሲሆን፣ በ1960 በሮም በ400 ሜትር አራተኛ ሆኗል። በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሁለቱም የገጠር ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱንም አይቶ ለሩጫ ያበቃቸው ሠራዊቱ ነው። በጃማይካ ይህን ተግባር የሚያከናውኑት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአትሌቲክስ ውድድር የተጀመረው በ1910 ነው።

እንግዲህ ለአንድ አገር ስፖርት የሚበጀው በቆጠራ መዝገብ የሰፈረው የሕዝብ ብዛት ሳይሆን፣ በልቶ ያደረው፣ ሜዳ የደረሰውና አሠልጣኝ ያየው ወጣት ብዛት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ያላበረ ድር ግን የቱን ያህል ቢበዛ አንበሳ አያስርም።