የዕቃው መኪና እንዴት የሰው መኪና ሆነ? (ሚኒባስ ልትገዙ ላሰባችሁ)



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እንዴት ነዎት? ቡሬ ላይ አንድ ዶልፊን አግኝቼ ልገዛ ነው። እርስዎ ድሮ ሚኒባስ ነበረዎት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ይላል። ልጁ ስድስት ዓመት አረብ አገር ለፍቶ ነው የመጣው። የጎደለውን ሊሞሉለት አባቱ ባህር ዛፋቸውን አስቆርጠዋል። የመኪናውን ፎቶም ላከልኝ። ነጭ ነው፤ ታጥቦ ያበራል።

«አንድ ሁለት ቀን ስጠኝ፣ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ለእሱ ብቻ ከምጽፈው ለሁላችሁም ይጥቀም ብዬ እዚህ አደረግኩት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ከታሪኩ ነው የምጀምረው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እስካሁን ከቤተሰብ ውጭ ያልተናገርኩትን አንድ ነገር እናገራለሁ።

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም ለዳግማዊ ምኒልክ ነው። ያቺ የንጉሥ ናት። ተራው ሰው መኪና ላይ የወጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ የወጣውም በአብዛኛው ለሰው በተሠራ መኪና ላይ አልነበረም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሲወረን ይዞት የመጣው ከባዱ ፊያት፣ ሽማግሌዎቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት፣ ጥይትና ስንቅ ማመላለሻ ነበር። ጃንሆይ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡ ያለፉት በእኛው አገር ነው። ጠላት ሄደ፤ መኪናውና የጋራዡ ቋንቋ ግን እዚሁ ቀረ።

ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቤተ መጻሕፍት መሄድ የለበትም። ፍኖተ ሰላም ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ሄዶ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይበቃዋል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ... ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሳይቀር ከመኪና ስር ተኝቶ ጣሊያንኛ ያወራል። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ?

ከዚያ በኋላ «ኤንትሬ» መጣ። ይህም ፊያት ነው፣ ይህም የጭነት ነው። አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና ወጣት ሳሉ ከቡሬ በርበሬ ጭነው አዲስ አበባ ሲሄዱ የሚቀመጡት በርበሬው ላይ ነበር። «እያስነጠስን አባይ በረሃ እንደርሳለን፣ እያስነጠስን ጎሐ ጽዮን እንወጣለን» ይሉ ነበር። ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ገንዘብ ነው። ሌላው ሰው ከጭነቱ እንደ አንዱ ነው።

በከተማም ነገሩ ያው ነበር። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ «ውይይት» የሚባል ታክሲ ነበር። ፒካፕ መኪና ነው፤ ከኋላው ጣሪያ ተሠርቶለት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርጎበት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። የውይይት ክበብ በየቦታው በነበረበት ዘመን ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ሲሄድ ሕዝቡ «ውይይት» አለው ይባላል። በኋላ ደግሞ «ቅጥቅጥ» መጣ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ የአውቶቡስ አካል ነው። ብዙዎቻችሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት በቅጥቅጥ ነው።

ሚኒባስም የዚሁ ዘር ነው። ቶዮታ «ሃይኤስ» የሚባለውን መኪና ጃፓን ውስጥ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እኛ ዶልፊን የምንለው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አራተኛው ትውልድ ነው። አባዱላ የምንለው ደግሞ በ2004 የወጣው አምስተኛው። ቶዮታ ሲሠራው ሁለት ዓይነት አድርጎ ነው፦ አንዱ የሰው፣ ሌላው የዕቃ። የዕቃው ጎኑ መስኮት የለውም፣ ላሜራ ነው። ወለሉ ባዶ ነው፣ ከሾፌሩ ኋላ ወንበር የለውም ወይም አንድ ስስ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ዋጋውም ይረክሳል። ወደ እኛ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ይህ የዕቃው ነበሩ።

ታዲያ እንዴት የሰው ይሆናል? ላሜራው ይቆረጥና መስተዋት ይገባበታል። ወለሉ ይበሳና ወንበር ይታሰርበታል። ጣሪያው በጨርቅ ይሸፈናል። ከላይ ፖርቶ መጋላ ይገጠማል። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ስለዚህ መሪው ወደ ግራ ይዞራል። ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው ዱባይና አካባቢው ባሉ ነጻ የንግድ ቀጠናዎች ነው። መሪ ማዞር ማለት መሪውን ብቻ መንቀል እንዳይመስላችሁ። ዳሽቦርዱ፣ ፔዳሎቹ፣ የፍሬኑ ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ ቦታ ይቀይራል። ተንሸራታች በሩ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀራል። ጃፓን ላይ ወደ እግረኛው መንገድ የሚከፈተው በር እኛ ጋ ሲመጣ ወደ አስፋልቱ መሐል ይከፈታል ማለት ነው።

የዕቃ ቫን መለወጥ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካኖች የፎርድና የሸቭሮሌት የዕቃ ቫን እየገዙ ምንጣፍ፣ አልጋና መጋረጃ አስገብተው ለሽርሽር ይሄዱበት ነበር። እነሱ ቤት አደረጉት። ጎረቤታችን ኬንያ «ማታቱ» አደረገችው፤ ስሙ በስዋሂሊ ሦስት ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው፣ ድሮ ክፍያው ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ስለነበር። ማታቱዎቹ ለዓመታት በድብቅ ሲሠሩ ቆይተው መንግሥት የፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሰው ቸግሮት መጀመሪያ ይለውጣል፣ ሕጉ በኋላ ይደርሳል። እኛም አገር እንደዚያው ነው።

ይህን የምላችሁ ለዋጮቹን ለመውቀስ አይደለም። ከሽንዲ ነፍሰ ጡር ይዞ በሌሊት ቡሬ የሚደርሰው ማን ነው? ሙሽራ የሚወስደው፣ አስከሬን የሚመልሰው፣ ተማሪ ለፈተና የሚያደርሰው ማን ነው? ይህ የተቆረጠ ላሜራ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዕቃ ለመጫን የተሠራው መኪና ሰው እንዲጭን ሲደረግ እያንዳንዱን ብሎን «ይበቃል» ብሎ የሚወስነው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በ2008 ዓ.ም ከወንድሜና ከእህቴ ባል ጋር ሆነን አንድ ሃይኤስ ገዛን። የእኔ ድርሻ የዕቁብ ገንዘብ ነበር። ሾፌር ቀጠርን፤ ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ ቡሬ ይመላለሳል። ሊብሬው ላይ 12 ሰው ይላል። ስድስት ወር ያህል ሠርቶ ሒሳቡ አልወጣም። ጎማ አለ፣ ዘይት አለ፣ ቦሎና ኢንሹራንስ አለ፣ የሾፌርና የረዳት አለ። ስለዚህ ከኋላ፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ለመጨመር ተስማማን።

ወንበሩ ሲታሰር ቆሜ አይቻለሁ። በያጁ «ወለሉ ስስ ላሜራ ነው፤ ከስር ወፍራም ብረት ገብቶ ከሻንሲው ጋር ካልተያያዘ አያስተማምንም» አለን። የሚጨምረውን ብርም ነገረን። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ይበቃል፣ እንዲሁ እሰረው» ያልኩት እኔ ነኝ።

በ2010 ዓ.ም ክረምቱ ሊገባ ሲል ማንኩሳን አለፍ ብሎ አህያ መንገድ ገባ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ጥሩ ነበር፤ መኪናው ቆመ። ወንበሩ ግን አልቆመም። ብሎኑ ላሜራውን ቀዶ ወጣና ሦስቱም ሰዎች ከነወንበሩ ወደ ፊት ሄዱ። ሁለቱ ተላላጡ። አንዲት እናት ክንዳቸው ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም።

ሽማግሌ ይዘን ቤታቸው ሄድን። ማሳከሚያውን ከፈልን፣ ካሳም ተቆረጠ፣ ታረቅን። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «መምህር፣ ለመሆኑ ያቺ ወንበር ስንት አተረፈችላችሁ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። የእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። መልስ አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ በደብተር ሠራሁት። የሦስት ሰው ሒሳብ ሲደመር፣ ማሳከሚያው፣ ካሳውና መኪናው የቆመበት ቀን ሲቀነስ፣ ምንም አላተረፈችም። ብታተርፍስ ኖሮ?

በዓመቱ ሸጥነው። ያንን ወንበር አስነቅለን፣ ቀዳዳዎቹን ለገዢው አሳይተን ነው የሸጥነው። ገዢው በዚያው ዋጋ ቀነሰ። ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ ተቀየመኝ፤ አሁን ደህና ነን።

እንግዲህ ወደ ልጁ መኪና ልመለስ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሚኒባሶች አገር ውስጥ መገጣጠም ተጀምሯል፣ ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ በሚጠፋበት አገር ገበሬው ገና ብዙ ዓመት በዶልፊን ነው የሚሄደው። አዲስ አይገባም፣ አሮጌው ይወደዳል። አሮጌው ሲወደድ ደግሞ የማይጠገን ነገር የለም፤ ይበየዳል፣ ይቀባል፣ እንደገና ይሸጣል። ያንተም ዶልፊን በስንት እጅ እንዳለፈ አስበው። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ታሪኩ ግን ከስር አለ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቀለሙን ትተህ ይህን እይ፦

መጀመሪያ ሊብሬውን ያዝ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን አንድ በአንድ ከመኪናው ላይ አመሳክር። የሰው ብዛት ስንት ይላል? ውስጥ ያለው ወንበር ከዚያ ከበለጠ፣ አንድ ሰው «ይበቃል» ብሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ምንጣፉን አስነሳ። ዝገት ካለ እዚያ ነው ያለው። ከስር ግባና የወንበሮቹን ብሎን እይ። ወፍራም ብረት አለው ወይስ ላሜራውን ብቻ ነው የያዘው?

ሦስተኛ፣ መሪው የዞረ መሆኑን ጠይቅ። ከዞረ የመሪው ዘንግ ላይ ብየዳ ካለ አትግዛ። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈትም አትርሳ።

አራተኛ፣ ሞተሩን ጠዋት በብርዱ አስነሳው፤ ባለቤቱ አሙቆ እንዳይጠብቅህ። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ይበላል። ጥቁር ከበዛ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ነጭ ጭስ ሞቆም ካላቆመ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ጓርኒሲዮኑን አስይ።

አምስተኛ፣ ከገዛህ በኋላ ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቀይር። በእኛ አቧራ የአየር ፊልትሮ ከዚያም በፊት ይጸዳል። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ አስቀይረው፤ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ያለበት ነገር ነው፣ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል።

ሒሳቡ አልወጣ ሲልህ፣ እመነኝ ይህ ቀን ይመጣል፣ ሰው መጨመር የመጀመሪያው ሐሳብህ ይሆናል። ያን ቀን ደውልልኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡሬ አብረን እንሂድ። አባትህም ይምጡ። ካርቶን ይዤ እመጣለሁ፤ ከስር የምገባው እኔ ነኝ።

ሌሎቻችሁም የምታውቁትን ከታች ጻፉልን። በተለይ ሾፌሮችና መካኒኮች፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። መንገዱን ሰላም ያድርግልን።