መጋረጃ የሌለበት ማዕድ

በቦሌ መንገድ ሆቴል ማለት ዛሬ መስታወትና አሳንሰር ነው፤ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ወለሉ ድምፅ አያሰማም። የአዲስ አበባን ሆቴል ከሥሩ ማየት የሚሻ አንባቢ ግን ከእኛ ሠፈር ወደ ፒያሳ መውጣት ይኖርበታል። በ1898 ዓ.ም. የተቋቋመው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ወለሉ እንጨት ነው፤ ሲረግጡት ይናገራል።

ከዚያ በፊት የከተማይቱ ታላቅ የመብል ቤት የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ነበረ። በግብር ላይ የእያንዳንዱ ሰው ሥፍራ በማዕረጉ ይለካል። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለው መደብ ላይ በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ሠራዊቱ በተራ በተራው እየገባ ይበላል። የሚበላውም ገንዘብ አይከፍልም፤ ዕዳው አገልግሎቱ ነው።

ሆቴሉ ይህን ሥርዓት የሚሽር ቤት ነበር። በምግብ ክፍሉ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ መደብ የለም፤ ተቀምጦ፣ በልቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ መሄድ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች እንኳ የሠራተኛውንና የጌታውን ክፍል በግድግዳ ይለዩ ነበር። የእኛ ሰው በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ ስለ ሸሸ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በልተው ከፈሉ ይባላል። ታሪኩ በብዙ መልክ ስለሚተረክ ዝርዝሩን አልምልበትም፤ የሰው ዐይን የሚያርፍበት ማዕድ ግን በእርግጥ ያስፈራ ነበር።

ስለዚህም ከሕንጻው ሁሉ ልቤን የሚይዘው ሰፊው የእንጨት ደረጃ ነው። ወደ ፎቅ የሚወጣ ሰው፣ ባለማዕረግም ይሁን ተራ፣ ከታች ላለው ሁሉ ይታያል፤ የሚከልለው መጋረጃ የለም።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ጃዝ አምባ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ በላ፤ ሆቴሉም ተጎድቶ ኋላ ተጠገነ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ደግሞ ይህኛው ቆሞ ቀረ። ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ቅርስ ብሎ ቤቱን ከሠፈሩ ነጥሎ ማትረፍ አልተዋጠልኝም። ከዶሮ ማነቂያ በእግሩ ወጥቶ፣ በዚያ ደረጃ ሥር አልፎ ቡናውን ይጠጣ የነበረው ሰው አሁን ከከተማው ዳር ተነሥቶ በታክሲ መምጣት ይኖርበታል።